ነፃ አፕ ፍለጋና ለልክ የመጣው ሰው

መጋቢት 4፣ ሐሙስ። ቀን 7፡00

መብራት የለም። ካውያው ቀዝቅዟል። የስፌት መኪናዬ በእግር ስለሆነ ይሄዳል። የዒድ ጀለቢያ ተቆልሏል፤ ከጠዋት ጀምሮ ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ኮሌታ፣ እጅጌ። በመሃል ስልኬን አንሥቼ አፕ አጠፋሁ። ሁለተኛዬ ነው።

ስሚኝማ ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። አሁን ያጠፋሁት የልብ ሥዕል ያለበትን ነው። ነፃ ይላል በትልቁ። ገና ከመግባቴ ብዙ ወንዶች ወደዱሽ አለኝ። ልቤ ድው አለ። ልከፍት ስል የሁሉም ፊት በጉም ተሸፍኗል። ጉሙ እንዲገለጥ ክፈዪ። በምን? በውጭ ካርድ፣ በዶላር። እንኳን ሳልፈልግ፣ ልክፈል ብልስ ከአሶሳ በምን በኩል? ከሱ በፊት የነበረው፣ ወፍ ያለበት፣ ማየት በነፃ ነው፤ መልስ ለመጻፍ ግን አልማዝ የሚባል ነገር ይገዛል። አንዱ ሰላም ብሎኝ መልስ ሲያጣ ኩሩ ነሽ ብሎ ተቀየመኝ።

ሃዋ ሳቀችብኝ። ሃዋ የሱቁ ግማሽ ናት። እኔ በግራ እሰፋለሁ፣ እሷ በቀኝ ከኩርሙክ ድንበር በኩል የሚመጣ፣ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱት ቶብና ሽቶ ትሸጣለች። የበርታ ልጅ ናት፣ አገሯ እዚሁ ነው። አማርኛን ገበያ ውስጥ ስለለመደችው ወንዱንም ሴቱንም አንተ ትላለች። እሷን ያገባት ሰው ፍየል ነድቶ፣ ሰው ልኮ፣ ደጅ ጠንቶ ነው። በነፃ የተገኘ ባል አላየሁም ትላለች።

ለምን ይኼ ሁሉ ችኮላ? ለዚህ ነው። እማዬ ጠዋት ከሰፈራ መንደራችን ከአምባ 14 ደወለች። የአቶ ይመር ሽማግሌዎች የዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ይመጣሉ። ይመር የአምባችን ባለ ወፍጮ ነው። ሚስቱ ሞታበታለች፣ ሁለት ልጆች አሉት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩም ይኼ ነው። ክፉ ቢሆን እምቢ ማለት በቀለለኝ። ሽማግሌ ደጅ ከቆመ በኋላ እምቢ ማለት ነውር ነው፣ የምትይው ሰው ካለሽ ከዚያ በፊት ንገሪኝ አለች። የለሽም ማለቷ ነው። ሠላሳ አንድ ሞላኝ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብላ ዘጋችው። ይመርን ሰይጣን ማለቷ አልታወቃትም።

አብሮት የምኖረው ግን እኔ ነኝ፣ እኔ ልምረጥ። በቃ። ደስ ብሎኛል፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ሦስተኛውን እያወረድኩ ነው። ኔትወርኩ ይንፏቀቃል።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ። ከሰዓት 11፡00

ጉድ ሠራሁ።

ሦስተኛው ቀለበት ያለበት ነው። እውነትም ነፃ። ሲከፈት ጠየቀኝ፦ ስልክሽ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ልይ? ያለሽበትን ቦታ ልይ? የገበያ ቀን ነው፣ ደንበኛ ቆሞብኛል፤ ፍቀጅ፣ ፍቀጅ እያልኩ ነካካሁት። በቅርብሽ ያሉ ወንዶች ብሎ ዘረገፈልኝ። አንደኛ፦ የፎቶ ቤቱ ልጅ፣ ከእኛ ሦስተኛው በር። ሁለተኛ፦ ለሚስቱ ባለፈው ሳምንት ቀሚስ የሰፋሁላት ሰውዬ። ያላገባ ይላል። ሦስተኛ፦ ታዴ። የአጎቴ ልጅ ታዴ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ የሰው ሞተር ላይ ተቀምጦ።

ርቀቱን ሰፋ አደረግሁት። ድንበር ተሻገረ። ከኩርሙክ ማዶ ያለው ሁሉ በዐረብኛ ሰላም ይለኝ ጀመር። ሃዋ እያነበበች አንዱን ወደደችው፣ ከዚያ ባሏ ትዝ አላት።

8 ሰዓት ላይ ታዴ ሱቅ ድረስ መጣ። ሱሪ ላሳጥር ነው አለ። ዓይኔን አያየኝም፣ ዓይኑን አላየውም። ስለ ሙቀቱ አወራን። ስለ ማንጎው መርገፍ አወራን። ሃዋ ቶብ ውስጥ ተሸፍና በሳቅ ትንቀጠቀጣለች። አይቶኛል እኮ። ግን ለእማዬ ምን ብሎ ይነግራታል? እሱስ እዚያ ምን ያደርግ ነበር? ሱሪውን በነፃ አሳጠርኩለት።

አጠፋሁት። አንድ ነገር ግን ገባኝ። ስልክ ላይ የሚጻፈው ምክር ሁሉ ከማታውቂው ሰው ተጠንቀቂ ይላል። ለአዲስ አበባ ልጅ ልክ ነው። አሶሳ ላይ የሚያስፈራው የምታውቂው ነው።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ። ቀን 8፡30

አገኘሁ። ፋኖስ ያለበት። ይኼ ነው።

ሃዋ የረመዳን ጾመኛ፣ እኔ የሁዳዴ ጾመኛ፤ የምሳ ሰዓት ሥራ ፈት ነን። አፑን እንደ ጨርቅ መረመርነው። ሃዋ ጨርቅ ስትገዛ ጠርዙን ትስባለች፣ በጣቷ ታሻለች፣ ፀሐይ ላይ ትዘረጋለች። እንደዚያ። ራሷ በውሸት ስም ገባችና ጻፈችልኝ። ሳልከፍል አነበብኩ። ሳልከፍል መለስኩ። ብሎክ አደረግኋት፣ ድራሿ ጠፋ። ተመልሳ ልትገባ ታገለች፣ አልቻለችም። በጣም ተደሰተች። ፎቶዬን እኔ ካልፈቀድኩለት ማንም አያይም። የስልክ ቁጥሮችሽን ልይ አለኝ፤ እምቢ አልኩት፤ እሺ ብሎ ሥራውን ቀጠለ። እምቢ ሲባል የማያኮርፍ። እንደሱ ዓይነት ወንድ ቢኖር አፕም ባላስፈለገኝ።

በየአምስት ወንዱ መሃል የሳሙና ማስታወቂያ ይመጣል። ይምጣ። ሳሙናው ከአንዳንዶቹ ይሻላል።

ስሜን "መርፌ" አልኩ። ከተማ ብቻ፣ ሰፈር የለም። ፎቶ የተሸፈነ። ሃዋ ቃል አስገባችኝ፦ በቪዲዮ ሳላየው አላገኘውም፣ ለሷ ሳልነግር የትም አልሄድም።

እስከ አሁን ሁለት ሰው ጽፏል። አንዱ ኢንጂነር ናሆም፣ ጉባ ግድቡ ላይ የሚሠራ። ቁመት 1.85። ጥርሱ፣ ሸሚዙ፣ ኧረ ተይኝ። ሌላው መልካሙ የሚባል የማንቡክ ሰው። ቁመት 1.63 ብሎ ጽፏል። ፎቶው አህያ ነው። በቃ አህያ፣ ሌላ ምንም የለም። ሥሩ ላይ፦ "የእኔ ጥሩ ፎቶ የለኝም። አህያው ጥሩ ነው።"

አለፍኩት።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ። ጠዋት 1፡00

ናሆም! ናሆም! ሳልጠራው ስሙ ከአፌ ይወጣል።

በየጠዋቱ እንደምን አደርሽ የኔ ንግሥት ይላል። ትናንት ስለ ወደፊት ቤታችን ጻፈልኝ፤ በረንዳው ወደ ምሥራቅ ነው። አንድ ጀለቢያ ላይ ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጌ ቆረጥኩ። እንዲህ ዓይነት ስሕተት ከሠራሁ ስንት ዘመኔ። ጨርቁን ከራሴ ተካሁት፤ አልከፋኝም።

ቪዲዮ ኮል አልኩት። ግድቡ አካባቢ ካሜራ ክልክል ነው አለኝ። ልክ ነው፣ ይሆናል። ወደ ቴሌግራም እንሂድ ይለኛል ደጋግሞ። ለሃዋ የገባሁት ቃል ስላለ እሺ አላልኩም፤ ስልክ ቁጥሬን ብቻ ሰጠሁት። ቃሉ ግን እየከበደኝ ነው።

እማዬ ደወለች። ይመር ከወፍጮው አጠገብ ቤት እያሠራ ነው፣ ቆርቆሮው አዲስ ነው አለች። እኔ በረንዳዬ ወደ ምሥራቅ የሆነ ሴት ነኝ፣ በልቤ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ። ቀን 6፡00

እየተቻኮልኩ ነው የምጽፈው። በንዴት። በሳቅም።

ጠዋት ናሆም ጻፈ። ስልክሽ ላይ አምስት ቁጥር ይመጣል፣ እሱን ላኪልኝ፣ መተማመናችን የሚታየው በዚህ ነው። ቁጥሩ መጣ። ጻፍኩት። ለመላክ ጣቴ ቀረበ። ሃዋ ከትከሻዬ በላይ ምንድን ነው አለች። ምንም አልኩ። ስልኩን ወሰደችብኝና ከላይ ጀምራ ጮክ ብላ ማንበብ ያዘች፣ አማርኛዋን እየተንገዳገደች። ንግሥቴ። በረንዳው። እኔ መሬት ብትከፈትልኝ። የትናንት ማታው ላይ ስትደርስ ቆመች። እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ ጉባ ብርዱ አላስተኛኝም፣ ምነው አጠገቤ በሆንሽ።

"ጉባ? ብርድ?" አለች። "ወላሂ ሙሉ፣ ይኼ ሰው ጉባን አያውቅም። ያኒ፣ ጉባ ሰው ውጪ ይተኛል፣ አንሶላ ውሃ ነክሮ ይለብሳል።"

ወንድሟ እዚያ ግድቡ ካምፕ ውስጥ ሠርቷል። ፊቱ ተልጦ ነው የመጣው። እኔስ? የአሶሳ ልጅ፣ እዚህ ተወልጄ እዚህ ያደግሁ፣ ጉባ ሲባል ላብ የሚያልበኝ! ብርዱን ሳነብ ሹራብ ልሥራለት ነው ያሰብኩት። ክሩን ሁሉ መርጬ ነበር።

እስቲ ልሞክረው ብዬ ጠየቅሁት፦ ወደ አሶሳ ስትመጣ በየት በኩል ነው? በታክሲ አንድ ሰዓት አይሞላም አለ። ከጉባ አሶሳ በመኪና ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው፤ ሃዋ በሳቅ ባንኮኒውን ይዛ ተቀመጠች። ጾሜን ልታስፈታኝ ነው፣ ውሃ አምጡ አለች፣ ግን አልጠጣችም።

ቁጥሩን ሰረዝኩ። ለአፑ ከሰስኩት። ብሎክ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አፑ ራሱ አስወጣሁት ብሎ ጻፈልኝ፤ ፋኖሴ እውነትም ፋኖስ ነው። ቁጥሩን ልኬው ቢሆን ቴሌግራሜ በእጁ ገብቶ በእኔ ስም ለእማዬ፣ ለደንበኞቼ፣ ለሁሉም ይጽፍ ነበር። ታዴ እንዲህ ተደርጎ ያውቃል፤ ቅድም ደውሎ ነገረኝ፣ አሁን ምሥጢረኞች ሆነናል።

ጾሙ ሲፈታም አልበላም። አፍራለሁ። በረንዳዬ።

መጋቢት 19፣ ዓርብ። ጠዋት 3፡00

ዒድ ከነገ ወዲያ ነው። ሱቁ ውስጥ መርገጫ የለም። ሦስት ቀን ስልክ አልነካሁም፣ ኩርፊያ። ዛሬ ክር ሲያልቅብኝ ከፈትኩት። ከአህያው ሰውዬ ስድስት መልእክት።

ልገልብጥልሽ፣ እንዳለ፦

"መርፌ ሰላም ነው? ስም ጥሩ ነው።"

"መርፌ የሚል ልብስ ነው ወይስ ሐኪም? እኔም መርፌ አለኝ፣ የከብት ነው።"

"ዛሬ ላም ረገጠኝ። ደህና ነኝ።"

"ሥራ በዝቶብህ ይሆናል። ይቅርታ፣ በዝቶብሽ።"

"አህያውን ጠላሽ መሰለኝ። ልቀይረው?"

አምስተኛው ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። የጀለቢያው ባለቤት ምን ነካሽ አለኝ። ስድስተኛው ፎቶ ነው። ፊቱ ግማሹ በባርኔጣ ተሸፍኗል፣ ግማሹ የላም ጆሮ ነው፣ በመሃል አንድ ዓይን። ግን የሚስቅ ዓይን።

መለስኩለት። ጠየቅሁት፦ የት ትሠራለህ፣ ከማን ጋር ትኖራለህ፣ ሚስት አለህ ወይ፣ አገርህ ይሞቃል ይበርዳል። የመጨረሻውን ለምን እንደጠየቅሁ አልገባውም። "ማንቡክ ክረምት ጭቃ፣ በጋ እሳት። አሁን ኩርሙክ ነኝ፣ ከብት እንከትባለን፣ እዚህ ከእሳት ይብሳል፣ መንገዱም አይነገርም።" ሺናሻ ነው። እናቱ በሕይወት አለች። አንዲት ልጅ አጭቶ ነበር፤ ዐረብ አገር ሄዳ በዚያው ቀረች፣ ቀለበቱን በሰው መለሰች። ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ። በሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚ ብሎ።

ቪዲዮ? አሁኑኑ አለ። ደወለ። ኔትወርኩ እየቆራረጠው ፊቱን ሙሉ አየሁት። ቆንጆ አይደለም። ደግሞ አስቀያሚ አይደለም። ከኋላው ሰውዬ ኮርማ እየጎተተ ይሰድበዋል፣ ና ያዝ እያለ። መሄድ አለብኝ አለኝና ኮርማውን ለመያዝ ሮጠ፤ ስልኩን ግንድ ላይ እንደተወው ረሳ። ኮርማው ሲያሸንፈው እስከ መጨረሻው አየሁ።

ማስታወሻዬ፣ እየፈራሁ ደስ ብሎኛል። ሹራቡ ግን ይቅር፣ ብልህ ሆኛለሁ።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ። ቀን 9፡00

ዒድ አለፈ። ሃዋ ጣፋጭ ይዛ መጣች፣ እኔ ጾም ነኝና እያየሁ ምራቄን ዋጥኩ። በየቀኑ እናወራለን፣ ከሃዋ ጋር አይደለም፣ ከመልካሙ ጋር። ቅዳሜ ለሥራ አሶሳ ይመጣል። እንገናኝ አለ፣ ከፈለግሽ አለ።

እዚህ ነው መከራው። አፑ ምክር አለው፦ መጀመሪያ ስትገናኙ ሰው የሚበዛበት ቦታ ይሁን። እሺ። አሶሳ ውስጥ ሰው የሚበዛበት ቦታ የት ነው? ጁስ ቤት፦ ባለቤቷ የአምባ 14 ልጅ ናት፣ ማንጎው ሳይፈጭ ወሬው እማዬ ጋር ይደርሳል። ሆቴሉ በረንዳ፦ ከዋናው መንገድ ፊት ለፊት፣ ባጃጅ ሁሉ ደንበኛዬ። ሰው የሌለበት ቦታ ደግሞ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ቀርከሃው ውስጥ፣ እንኳን ሃዋ እኔም አልፈቅድም። ሰው ካየኝ ያወራል፣ ሰው ካላየኝ ደግሞ የሚጠብቀኝ የለም።

ሃዋ ሽቶ እየቀዳች አሰበች። ከዚያ ሜትሬን ከአንገቴ ላይ ሳበችው።

"ሱሪ ያሰፋ" አለች። "ከላስ፣ አለቀ።"

አየሽ? ወንድ ልጅ ልብስ ሰፊ ቤት ሲገባ ማን ምን ይላል? በሩ ክፍት፣ መንገዱ ፊት ለፊት፣ ሃዋ አጠገቤ፣ መቀስ በእጄ። ከዚህ የበለጠ ደኅንነት የት ይገኛል። ልክ መውሰድ ደግሞ በነፃ ነው።

ጻፍኩለት። መልሱ፦ "ጨርቅ ይዤ ልምጣ ወይስ አለሽ?"

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ። ከሰዓት 10፡30

በእግዚአብሔር፣ ከየት ልጀምር።

ጠዋት ፀጉሬን ተሠራሁ። ሃዋ ሽቶ ረጨችብኝ፤ በዛ፣ በውሃ አስለቀቅኩት። 5 ሰዓት ላይ በሩ ጠቆረ፣ ቀና አልኩ። እማዬ።

እማዬ! ማንጎ በኬሻ አሸክማ፣ ነጠላዋ በአቧራ ቀልቶ። ለገበያ ነው የመጣሁት፣ ነገ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ስሜ እሄዳለሁ፣ ከአንቺ ጋ አድራለሁ አለች። ወንበሩን ወደ በሩ አዙራ ተቀመጠች። ለሱ አትምጣ ልለው ስልኬን ሳነሣ ደረጃው ላይ ቆሟል። አጭር፣ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ጨርቅ በጋዜጣ ጠቅልሎ በብብቱ።

ሱሪ ላሰፋ ነበር አለ። ድምፁ ከቪዲዮው ይወፍራል። እሺ ግባ አልኩ። አንተ አልኩት ወይስ እርስዎ፣ አላስታውስም።

ማስታወሻዬ፣ ሜትሩን ገልብጬ ያዝኩት። ወገብ ለካሁ። ዳሌ። ርዝመት። ሃዋ ቁጥሩን ትጽፋለች፣ ሳቋን በከንፈሯ ነክሳ። ጸጥ ብሎ ቆሟል፣ ሊከተብ እንደመጣ ከብት፣ ራሱም እንደዚያ ያሰበ ይመስለኛል፤ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ጫማህን አውልቅ፣ ግድግዳው ጋ ቀጥ በል አልኩት። ከራሱ እስከ ተረከዙ ለካሁት።

1.64።

አንድ ሳንቲሜትር ጨምሮ ተገኘ! ቁመቱን ቀንሶ የጻፈ ወንድ በየትኛው አፕ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

እማዬ ግን ዝም ብላ የምትቀመጥ ሰው አይደለችም። ልጄ የየት አገር ሰው ነህ አለችው፣ ሁሉን እንደምትጠይቅ። ማንቡክ አላት። ሥራህስ? ከብት ማከም። እሷን ማን ይያዛት። ላሟ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አልበላም ብላለች፣ ለሃጯ ይዝረከረካል፣ ምኗ ነው፣ አንድ ሰው ጥርሷ ነው አለኝ፣ ሌላው ቡዳ ነው አለኝ። ሌላ ወንድ ቢሆን በዚህ ሰዓት መልስ አያጣም ነበር። እሱ ትንሽ አሰበ።

"እናቴ፣ ሳላየው አላውቅም" አለ።

እማዬ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ወደ ጫማው። ከዚያ ማንጎ መርጣ ሰጠችው፣ ከትልልቆቹ።

ሱሪው ለሆሳዕና ማግስት ይደርሳል አልኩት። ሄደ። ጨርቁን ሳሸተው ኩርሙክ ኩርሙክ ይላል፣ አቧራና ፀሐይ።

መጋቢት 28፣ እሑድ። ቀን 5፡00

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። እማዬ ማንጎ እየላጠች ነበር። ቀና ሳትል፦

"ለሱሪ ከራስ እስከ ተረከዝ መለካት የተጀመረው መቼ ነው?"

ረስቼው። የልብስ ሰፊ ሚስት ናት እኮ። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከወሎ በሰፈራ ሲመጣ መቀሱን ይዞ ነው የመጣው፤ ዕድሜ ልኳን ከጎኑ ተቀምጣ ልክ ስትጽፍለት ኖራለች። ፊቴ ነደደ። ውሸት አልመጣልኝም። ሁሉንም ነገርኳት። አፕ፣ ፋኖስ፣ ናሆም፣ የጉባ ብርድ፣ አህያው።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አፕ ማለት ደላላ ነው? አለች። እንደሱ ነው አልኩ። ስንት ይወስዳል? ምንም፣ በነፃ ነው አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

"በነፃ የሚሠራ ደላላ አላምንም" አለች።

ልትቆጣ ነው ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። አገሩ ሩቅ ነው አለች። ሰዎቹን አናውቃቸውም አለች። ላሟን ግን ሳላየው አላውቅም ማለቱን ሁለት ጊዜ አነሣችው። ከዚያ ፓዌ ወዳለችው አክስቴ ደወለች። ፓዌና ማንቡክ ጎረቤት ናቸው። የመልካሙን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ነገረቻት። እኔ የአያቱን ስም አላውቅም ነበር። መቼ ጠየቀችው?

ስታበቃ ግን ፊቷ ጠና። ይመር አለ እኮ ልጄ አለች። ሽማግሌ ተመርጧል። አክስትሽ ክፉ ከሰማች ከይመር ሌላ አላውቅም። ደግ ከሰማችም ለይመር የምትነግሪው አንቺ ነሽ። በሽማግሌ ፊት አላዋርደውም።

እሺ አልኩ። የማንጎውን ልጣጭ ሰበሰብኩ።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ። ጠዋት 2፡30

አክስቴ ደወለች። የአክስቴን ኔትወርክ ምንም አያቆራርጠውም።

ሚስት የለውም። ልጅ የለውም። እናቱ ማር ትሸጣለች፣ ምላሷ ስለታም ነው። የታጨችለት ልጅ ዐረብ አገር ቀርታለች፣ ቀለበቱን መልሳለች። በእሱ አፍ የሰማሁትን በእሷም አፍ ሰማሁ፤ አንድም ቃል አልተለየ። አንድ ነገር ጨመረች፦ ልጅ እያለ አህያ ሲሞትበት ሦስት ቀን አልቅሷል፣ አገር ሁሉ ያውቃል። ለዚህ ነው ፎቶው።

መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሳቅሁ። ሃዋ እምባዬ ጨርቁ ላይ እንዳይደርስ ጨርቁን ሳበችው፣ የደንበኛ ነውና።

ሱሪውን ጀምሬአለሁ። ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ። እንዲህ አጥብቄ የሰፋሁት ሱሪ የለም።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ። ከሰዓት 10፡00

አምባ 14 ሄጄ መጣሁ። ወፍጮው ይጮሃል፣ ይመር ከላይ እስከ ታች ዱቄት ነው። ውጪ ጠራሁት። ሲመጣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ነበር፣ ገብቶታል መሰለኝ።

ጋሽ ይመር፣ ሽማግሌዎቹን አይላኩብኝ አልኩት። ሰው መርጫለሁ። አክብሬዎታለሁ፣ ለዚህ ነው ራሴ የመጣሁት።

ከቅንድቡ ላይ ዱቄቱን ጠረገ። ከዚያ በሽማግሌ ፊት ቢሆን ይብስ ነበር አለ። ልጆቹ አንቺን ይወዱሻል፣ ዩኒፎርማቸውን አንቺው ስፊላቸው፣ ይኼ እንዳይቀር አለ። እሰፋለሁ አልኩት። ዱቄታም እጁን ጨበጥኩ፣ መንገዱን ሙሉ እጄ ነጭ ነበር።

ከባድ ቀን ነው። ግን ባጃጁ ላይ ሆኜ ነፋሱ ፊቴን ሲመታው፣ ምን ልበልሽ፣ ክብደቴ የቀለለ መሰለኝ። ለመልካሙ ምንም አልነገርኩትም ገና። እሱ የሚያውቀው ሱሪውን ብቻ ነው። እሱስ ሱሪ ብቻ ፈልጎ ቢሆንስ? ጨርቅ ይዞ የመጣው ለእውነት ቢሆንስ? አይ እኔ።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ። ጠዋት 4፡00

የሆሳዕና ማግስት። ሱሪው ከተሰፋ ቆየ። ተተኩሷል፣ ከሃዋ ቶቦች ኋላ ተሰቅሏል፣ ከመንገድ አይታይም። ሃዋ ለምን ደበቅከው ትለኛለች። አልመለስኩላትም።

እማዬ ደወለች። ላሟ እየባሰባት ነው አለች። እሷ ላም ብቻ አይደለም ያሰበችው፣ አውቃለሁ። ሱሪውን ሊወስድ ሲመጣ ወደዚህ ብቅ ይበል፣ ይያት አለች። ለፋሲካ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ዶሮም አለ አለች። ወፍጮ ቤት ስለሄድኩት ቀን አንድም ቃል አላነሣችም፣ ስትዘጋ ግን ተባረኪ አለችኝ። እንዲህ ካለችኝ ቆይታለች።

ማለዳ ጻፈ፦ "ኩርሙክ ሥራ አልቋል። አሶሳ እየገባሁ ነው። ሱሪው ቢደርስም ባይደርስም ግድ የለም።"

ደግሜ አነበብኩት። ባይደርስም ግድ የለም። ጨርቁ አይደለም ታዲያ!

ፋኖሱን ከስልኬ አጠፋሁት፣ አመስግኜ። ሃዋ ራሷ ልታወርደው ነው፣ ለእህቷ ልጅ። ጉባ ብርድ ነው የሚል ከመጣ ስጪኝ አልኳት።

ይኸውልሽ፣ ልብስ ሰፊ ነገ ና ባይ ነው ይባላል። አባዬ አንድም ቀን ነገ ና ሳይል ነው የሞተው። እኔም ብዬ አላውቅም፣ ሙያዬ ክብሬ ነው። ግን ላሟም አለች፣ ፋሲካም አለ፣ ሱሪውን ከሰጠሁት ምን ብሎ ተመልሶ...

ሃዋ መጣ ለማለት እየሳለች ነው። ደረጃው ላይ ነው። አህያ የታተመበት ሸሚዝ ለብሷል፣ ከየት አገኘው።

ሱሪው አልደረሰም ልለው ነው።